አበልጅህን ክፉ አደረግነው

ማሩዬ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማይመጣበትን ነገር መጠየቅ ሰልችቶኛል። እኔ አለሁ። ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ወጣ፣ መስቀልም አለፈ። ዘንድሮ የቀሐ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር ከታች በኩል ያሉት ጎረቤቶች ፍራሽና ምንጣፋቸውን አጥር ላይ ሲያሰጡ ከረሙ። የእኛን ቤት ውሃው አልነካውም። ጣራው ግን ያው ነው። በሕይወት ሳለህ ነገ እደፍነዋለሁ ስትለው የነበረው ቀዳዳ ዛሬም ያፈሳል፤ ከሥሩ ሳፋ አስቀምጬ እኖራለሁ።

ሚኒባስህን፣ ዶልፊኗን ሸጥናት። የገዛት የአዘዞ ሰው ነው። አንዳንዴ ፒያሳ ላይ ስታልፍ ሳያት አንተ የምትወርድ ይመስለኝና ቆም እላለሁ። ጋቢናው ውስጥ የሰቀልካትን ሥዕል አላወረዳትም፣ ለዚህስ እግዜር ይስጠው። መቅደስ ከባሕር ዳር በየእሑዱ ትደውላለች። እማዬ ምነው እዚያ ብቻሽን ትቀመጫለሽ፣ ነይ ከእኔ ጋር ኑሪ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፣ አልሄድም። በአባቷ የወጣች ልጅ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።

ደክሞኛል ማሩ። አንተን ስንቀብር ሰው ሁሉ ብዙ ነገር ነገረኝ። ጽኚ አሉኝ፣ ልጅ አለሽ አሉኝ፣ የእግዜር ሥራ ነው አሉኝ። ሐዘን እንዲህ የሚያደክም መሆኑን ግን የነገረኝ የለም። ጠዋት ተነሥቼ ጫማዬን ካጠለቅኩ በኋላ፣ አሁን ደግሞ ምን ልሠራ ነበር እያልኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለ ፊልሙ ልነግርህ ነው። ታመህ ተኝተህ እንኳ እንደ ልጅ ያስፈነድቅህ የነበረው ፊልም አለቀ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ እዚሁ ጎንደር አዳራሽ ውስጥ ታየ፤ አሁን በየሰው ስልክ ላይ ነው። የታየው ግን አንተ ለፊልም ሠሪዋ ለሰብለ የነገርካት አይደለም። ያስለወጥኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም፤ እንድትሰማኝ ነው። አንተ የምታውቀውንም ጭምር እንደገና የምነግርህ፣ ከተማው አሁን የሚያወራው ሌላ ስለሆነ፣ እውነቱን አንድ ጊዜ እንኳ ከአንተ አፍ እንደ ሰማሁት አድርጌ ማስቀመጥ ፈልጌ ነው።

ከደባርቅ ስትመለስ ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቆሙህ። ተሳፋሪውን ለቀው አንተን ወደ ደጋው ወሰዱህ። ለማስለቀቂያ ስለጠየቁት ብር አላነሣብህም፤ ያኔ ከዘመድ ዘመድ የዞርኩትን እግሬ ያውቀዋል። ያስቀመጡህ አንዲት ጎጆ ውስጥ ነበር። አለቆቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ሌት ተቀን የሚጠብቅህ ግን የጎጆዋ ባለቤት ነው። ስሙን አልጽፈውም። ገበሬ ነው። እንዴት ከእነዚህ ጋር ገባህ ብትለው፣ መጀመሪያ ጠመንጃ ይዘህ ና አሉኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሂድ የሚለኝ ጠፋ አለህ። እግርህን በጠፍር ከምሰሶው ጋር አስሮ ነበር የሚያውልህ።

ሁዳዴ ነበር። የታሰረ ሰው ይጾማል ብሎ አላሰበም። ጠዋት ያመጣልህን ቂጣ ሳትነካው ሲያገኘው ተቆጣ። ልትሞትብኝ ነው፣ ብትሞት እኔን ነው የሚገድሉኝ ብሎ ጮኸብህ። ጾም ነው፣ ገና ቅዳሴ አልወጣም አልከው። አፍጥጦ አይቶህ ወጣ። እሱም ይጾም ነበርና! በማግሥቱ ቂጣውን ይዞ የመጣው ቅዳሴ ሲወጣ ነው፣ የራሱንም አብሮ ይዞ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ከአንድ ሳህን በላችሁ። ከዚያ በኋላ አንተ ስለ መንገድ፣ እሱ ስለ በሬዎቹ ማውራት ሆነ። እኔ ይህን ስትነግረኝ ሳቅሁብህ። እዚህ ቤት እኮ ጾምህን ከስድስት ሰዓት አሳልፈህ አታውቅም፤ ጻድቅ የሆንከው ታግተህ ነው።

ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳ አርባው ደረሰ። ክርስትና የሚያነሣው ሰው ግን ጠፋ። አጎቷ እሺ ብሎ ነበር፣ የሰውየውን ሥራ ሲሰማ ቀረ። አንዱ ጎረቤት እግሬን አመመኝ አለ፣ ሌላው ገበያ ወረደ ተባለ። ከሰው አጋች ጋር አበልጅ መሆን ማን ይፈልጋል? ልጁ ያለ ክርስትና አባት ሊቀር ሆነ፣ እናትየው ታለቅሳለች። ሰውየው በመጨረሻ ጠመንጃውን ደጅ ትቶ ገባና ፊትህ ቆመ። አያ ማሩ፣ ልጄን ክርስትና አንሣልኝ አለህ። አያ ብሎ ሲጠራህ የመጀመሪያው ነበር።

በፍርሃት እሺ ያልክ እንዳይመስለኝ ስንት ጊዜ ነግረኸኛል። የታሰረ ሰው ልጅ አያቅፍም፣ መጀመሪያ ፍታኝ ነበር ያልከው። ፈታህ። ማልዳችሁ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ። ቄሱ ይህ እንግዳ ማነው ሲሉ፣ የጎንደር ዘመዳችን ነው አላቸው። መቼም ብዙ ባይሆንም እዚያ ሰው ነበረ። ታግቼ ነው፣ አድኑኝ ብለህ መጮህ ትችል ነበር። ምነው አልጮህክም ብዬ የተቆጣሁህ ዕለት፣ ልጁ እጄ ላይ ነበር አልከኝ። አይ አንተ! ፊትህን ወደ ምዕራብ አዙረህ በሕፃኑ ፈንታ ሰይጣን ሆይ ክጄሃለሁ ስትል፣ አባትየው ከኋላህ ቆሞ ቀስ ብሎ አብሮህ ሲል ሰማኸው።

ቤት ስትመለሱ ጠፍሩን አነሣ። አንተም ልማድ ሆኖብህ እግርህን ዘረጋህለት። ጠፍሩን እንደያዘ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ጥሎት ወጣ። አበልጁን የሚያስር ሰው የለማ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገብስ የጫነች አህያ እያስነዳህ በሰው መሐል ይዞህ ወረደ። አስፋልቱ ጋ ስትደርሱ፣ ልጅህን አትርሳው ብሎህ ተመለሰ። ለአለቆቹ ጠፍሩን በጥሶ አመለጠኝ አላቸው። ገርፈው ክንዱን ሰበሩት፣ ግን አመኑት። ይህን የሰማነው ኋላ፣ እሱ መተማ ወርዶ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ሳለ በሰው ስልክ ሲደውልልህ ነው።

እኛም ለሰው ሁሉ አምልጦ መጣ አልን። ያ የደጋ ብርድ ሳንባህ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎ አልጋ ላይ ሲጥልህ ነው ሰብለ የመጣችው። የጎረቤታችን የእህት ልጅ፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ቴአትር የተማረችው ቀጭኗ ልጅ። ከጓደኞቿ ጋር የራሳችንን ፊልም እንሠራለን፣ ስለ እገታ ይንገሩኝ አለችህ። አንተም ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ፣ እያሳለህ፣ ክርስትናውን ጨምረህ አንድ ሳታስቀር ነገርካት። እሱ መተማ ነው፣ አይደርሱበትም ብለህ ልብህን ጥለህ ነበር። እኔን የሚሆነው ልጅ ቦርጭ እንዳይኖረው አልካት። መጨረሻ ላይ ግን የቀልድ አልነበረም። አደራ ሰብለ፣ እዚያ ላይም ሰው እንዳለ ይወቁ አልካት። በኑዛዜህ ቀን ለእኔም ይህንኑ ደገምከው። ሌላ የተናዘዝከው ነገር የለም።

እንግዲህ ልጅቷ ሠራችው። በተዋሰችው ካሜራ፣ እንፍራንዝ አካባቢ አንድ የገበሬ ጎጆ ለምና፣ ጓደኞቿን ተዋናይ አድርጋ። ግንቦት ላይ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና መጋረጃውን ዘግታ አሳየችኝ። አንተን የሆነው ልጅ ቦርጭ የለውም፣ ደስ ይበልህ። መሪ ሲይዝ ግን ሹፌር አይመስልም፣ ሳሉም የውሸት ነው። እኔን የሆነችው ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታለቅሳለች። ያኔ አላለቀስኩም እኮ፣ ጊዜ አልነበረኝም። ብቻ ክርስትናው ላይ ሲደርስ ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋሁ። የተፈታው ሰው እጆች ሕፃኑን ታቅፈው ይታያሉ፤ ካሜራው እዚያው ይቆያል፣ አይሄድም። አንተ ነበርክ ማሩ። መልኩ አይደለም፣ እጁ ራሱ አይደለም፣ ግን አንተ ነበርክ። ሸጋ ነው፣ ይታይ አልኳት። ልጅቷ አቅፋኝ ሮጣ ወጣች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጅ ያዘለች የገጠር ሴት በራችን ላይ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ቤት የተሳሳተች መስሎኝ ማንን ፈለግሽ አልኳት። አበልጄ፣ ለቅሶ ሳልደርስሽ አለችኝ። እዚያው ደጃፍ ላይ ጀመረችው። የልጄ አባት፣ ልጄን ሳታየው፣ በእግሩ ሲሄድ ሳታየው እያለች ደረቷን ትመታለች። ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ እሱም ያለቅሳል።

ማን እንደሆነች ገባኝ፣ የጠባቂህ ሚስት ናት። ደግሞም ተናደድኩ፣ አልዋሽህም። ባሏ ባሌን እንደ በሬ አስሮ አክርሞ፣ አበልጄ ትለኛለች? አንቺና እኔ አበልጅ የሆንነው መቼ ነው ልላት አፌን ስከፍት ጎረቤታችን ለቅሶውን ሰምታ ብቅ አለች። ምነው፣ ማን ሞተ፣ ይህቺ ማናት አለችኝ። ሴትዮዋ ለቅሶዋን አቁማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የማሩን ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ነው፣ አበልጃችን ናት አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ወጣኝ፣ በቃ።

አስገባኋት። ውሃ ሰጠኋት፣ ለልጁም ዳቦ ቆረስኩለት። የክርስትና ስሙን ነገረችኝ፣ ያው አንተ የነገርከኝ ነው። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። ሰብለ ፊልሙን ከመጀመሯ በፊት እውነተኛውን ደብር ካላየሁ ብላ ሄዳ ኖሯል። እንግዳ ሰው ስላነሣው ክርስትና ስትጠይቅ ውላ ተመልሳለች። ወይ ልጅ! ያ ወሬ ቀስ እያለ የአጋቾቹ ጆሮ ደርሷል። ሰውየው ደግሞ መተማ የለም። የተሰበረው ክንዱ ማጭድ አልይዝ ብሎት፣ ለሥራ የሚፈልገው አጥቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ሰዎቹ ጠርተው፣ ያ ሹፌር እውነት አመለጠህ ወይስ ለቀቅከው ብለውታል። እሱም አመለጠኝ ብሏል። እስኪ እናጣራለን፣ ፊልሙንም እናያለን ነው ያሉት። እሷ ስትመጣ ባሏ ቤቱ ማደር ትቶ በዘመድ ቤት እየዞረ ነበር። ራቅ ወዳለ አገር ለምን አይሄድም አልኳት። በአንድ ክንዱ ማን ያስጠጋዋል፣ እናቱም የአልጋ ቁራኛ ናት አለችኝ።

እኔ ፊልሙ ይቅር የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እንዲያ ብትል ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን አልቃሻ አይደለችም፣ በመንገዷ ሁሉ ስታስበው ነው የመጣችው። አበልጄ፣ ከቀረማ ምን ደብቀው ነው ይላሉ። ይታይ። ብቻ ባሌን ክፉ አድርጉልኝ አለችኝ። ሲገርፈው፣ ሲያስርበው፣ ሲሰድበው ይታይ። ርኅራኄ ያልፈጠረበት አድርጉት። ያኔ አይተው እውነትም አምልጦት ነው ይሉና ይተውታል። ይህን ስትል ልጁ ጭኗ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይበላ ነበር።

የሟች ቃል ነው እኮ አልኳት። ባሌ የተናዘዘው ይህንን ብቻ ነው፣ ሰው መሆኑን ይወቁለት ብሎ ነው የሞተው። አውቃለሁ፣ ለእኔና ለልጄ አስቦ ያለው ነው አለችኝ። ግን ደግ ተብሎ ከሚሞትብኝ ክፉ ተብሎ ይኑርልኝ።

ሸኘኋት። መንገድ ላይ ሰው እንዳይጠይቃት ከሚኒባስ ማቆሚያው አልፌ አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ። ስንለያይ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ይዤ አነሣኋት። ከዚያ ወደ ቤት አልተመለስኩም፣ በቀጥታ ማራኪ ሄጄ ሰብለን ክርስትናውን አውጪው፣ ጠባቂውን ክፉ አድርጊው አልኳት።

ሰብለ ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር። እትዬ አሰጉ፣ ያ እኮ ነው ፊልሙ አለችኝ። እሱ ከወጣ ምን ቀረኝ? አጋች መጥፎ ነው ለማለት ፊልም አያስፈልግም፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ማሩ አደራ ብለውኛል አለች። ስሙን እንለውጥ፣ አገሩን እንለውጥ አለች። እኔ ሰማኋትና፣ ስሙን ለውጠሽ ክርስትናውን ከተውሽው ያው እሱ ነው፣ በጎንደር ምድር ታጋቹን አበልጅ ያደረገ ሌላ ሰው የለም አልኳት። ደብሩ ሄጄ ባልጠይቅ ኖሮ ብላ ጀመረች። እሱን ተይው፣ አሁን አይጠቅምም አልኳት። ልጅቷን ልወቅሳት አቅሙ አልነበረኝም። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ እንግዲያው እርስዎ ይምጡና ያሠሩን፣ እኔ እንዴት ክፉ እንደማደርገው አላውቅም አለችኝ።

ሄድኩ ማሩ። ሰኔ ላይ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ እንፍራንዝ ሄድኩ። ጠባቂውን የሆነው ልጅ ጋራዥ የሚሠራ ግዙፍ ሰው ነው፤ እጁ ትልቅ፣ ልቡ የሕፃን። ግረፈው ሲሉት ዝንብ እንደሚያባርር ያደርጋል። እየገረፈ ይቅርታ ይላል፣ ሁሉም ይስቃሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አየሁ አየሁና ተነሣሁ። ጠንከር አድርግ አልኩት። እሱን አይደለም የምትመታው፣ ማሳመን ያለብህ ሰው አለ፣ ጠንከር አድርግ። ሣቁ ቆመ። ልጁ ጅራፉን ከፍ አድርጎ አወረደው። አንተን የሆነው ልጅ የእውነት ጮኸ፤ እኔም ፊቴን አላዞርኩም።

ጾሙንም እኔ ነኝ ያስገባሁት። አንተን የሆነው ልጅ ቅዳሴ አልወጣም ብሎ ቂጣውን ሲመልስ፣ ጠባቂው ሳህኑን በእግሩ ይግፋው፣ እዚህ ቅዳሴ የለም ይበለው አልኳቸው። የሆዴን ክፋት ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። እናንተ ከአንድ ሳህን የበላችሁባትን ነገር ለይቼ አውቄ አበላሸኋት። ሰብለ ቀረጸችው። በመጨረሻ ያ ልጅ ጠፍሩን በድንጋይ ቆርጦ ዳገቱን እየሮጠ ይወርዳል፣ ጠባቂው ከኋላ እየተሳደበ ይተኩሳል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

የክርስትናው ምስል ሰብለ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ደህና ዘመን ሲመጣ ብላ ለመነችኝ። ኮምፒውተር ይሰረቃል፣ ይበላሻል፣ ጠጋኝ ቤት ይሄዳል፣ ወዳጅ ያየዋል። አጥፊው አልኳት። አንድ ጊዜ አብረን እንየው አለችኝ። አየነው። እጆቹ ሕፃኑን ታቅፈዋል፣ ቄሱን የሆኑት ሽማግሌ ውሃውን ያፈሳሉ፣ ከኋላ የሚቆመው ሰው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አጠፋችው። አንተን ሁለተኛ የቀበርኩህ ያን ዕለት ነው ማሩ፣ ያውም ለቅሶ የሚደርሰኝ ሰው በሌለበት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የከተማው ወጣት ሁሉ መጥቷል። ስታመልጥ ያፏጩልህን፣ ያጨበጨቡልህን ብታይ! ጠባቂውን ግን ረገሙት። ከጎኔ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት አንተን የሚሆነው ልጅ ሲገረፍ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ይህ ከሰው አልተወለደም አለችኝ። እውነትሽን ነው አልኳት።

ሲያልቅ መድረክ ላይ አወጡኝ። የባለታሪኩ ባለቤት ናቸው ተባለ፣ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበልኝ። አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያ ተቀብሎ፣ እማማ፣ ያንን ሰው ይቅር ይሉታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ወደ እኔ ያላዞረ ሰው አልነበረም። እዚህ የምናገረው ነገ ደጋው ላይ እንደሚታይ አውቄያለሁ። ሰብለ ከጥግ ቆማ አቀርቅራለች። ይቅር አልለውም አልኩ። ባሌን የገደለው እሱ ነው፣ እግዜር የእጁን ይስጠው አልኩ። ሰዉ ከበፊቱ ይበልጥ አጨበጨበ። እየደገፉ አወረዱኝ፣ አንዷ ልጅ ውሃ ሰጠችኝ፣ ሌላዋ ጀግና ነዎት አለችኝ።

ከዚያ ጠበቅኩ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር የምውለው። ትናንት ጠዋት የማላውቀው ቁጥር ደወለ፣ እሷ ናት። ሰዎቹ አዩት አለችኝ። ሲያዩት ሳቁበት፣ አንተ እንዲህ ጨካኝ ነህ እንዴ ብለው ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉት። ሌሊቱን ቤቱ አደረ አለችኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እግዜር ይመስገን አበልጄ ብያት ዘጋሁ። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ስለ አንተ አንጀቴ አረረ።

እንግዲህ ይኸው ነው። አንተ ሰው መሆኑን ይወቁለት አልክ፣ እኔ አውሬ ነው አስባልኩት። ብትኖር ትጮህብኝ ነበር፤ ከዚያ ልጁ ትዝ ሲልህ ትተወኝ ነበር። አውቅሃለሁ። ይህን ወረቀትም አላስቀምጠውም፣ ጽፌ ስጨርስ ከሰል ማንደጃው ውስጥ እከተዋለሁ። ምስሉ ጠፍቷል፣ ወረቀቱም አመድ ይሆናል፤ በእናንተ መሐል የሆነው ነገር ከእሱና ከሚስቱ፣ ከእኔና ከዚያች ልጅ በስተቀር የትም አይገኝም። ሰብለ ደግሞ ወጣት ናት፣ ሌላ ፊልም ትሠራለች፣ ቀስ እያለ ይለቃታል። እኔ ግን ቃል እገባልሃለሁ ማሩዬ፣ አልለቀውም። ቢደክመኝም አልለቀውም።

ከእንግዲህ በየሙት ዓመትህ የክርስትና ስምህን ለቄሱ ስሰጥ፣ ከስምህ ቀጥሎ የአበልጅህን እጨምራለሁ፤ ስሙን ሚስቱ ነግራኛለች። ይኸኛውስ መቼ አረፈ ብለው የጠየቁኝ እንደሆነ፣ የለም አባ፣ ይኸኛው እንዳይሞት ነው እላቸዋለሁ።

አሰገደችህ